ሌሊት 9 ሰዓት፣ 2 ለ 1

ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለማክሰኞ አጥቢያ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። እናቴ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥታ ተኝታለች። በሰኔ ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? እኔ ሱቄ ውስጥ ከፍሪዘሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን የስኳር ጣሳ አስደግፌ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች አያለሁ። የኔ ላብ ጠብ ጠብ ይላል።

የማየው ሆኪ ነው፤ የበረዶው ሆኪ። ቡድኔ ኤድመንተን ኦይለርስ ከሜዳው ውጪ፣ ፍሎሪዳ ሄዶ፣ የስታንሊ ካፕን፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካን የሆኪ ዋንጫ፣ የፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ እየተጫወተ ነው። ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ተሸነፍን። 2 ለ 1።

ይህን የምጽፈው ያን ሌሊት የሠራሁትን ጥፋት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ሆኪ መሆኑን እርሱት። በዓለም ሌላ ጫፍ ለሚጫወት ቡድን እንቅልፉን ለሚያጣ ሁሉ ይሆናል። የአርሰናል ደጋፊዎችም አንብቡት፣ ዋንጫ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ የድሬ ሰው፣ ያውም ውሃና በረዶ ነጋዴ፣ ከሆኪ ጋር ምን አገናኘው የሚለውን ልመልስ። ወንድሜ ነው ያመጣብኝ። ኤድመንተን፣ ካናዳ ይኖራል። ከተማው ውስጥ አበሻ ብዙ ነው፣ ግን ሥራ ቦታው ፈረንጅ ይበዛል። «እዚህ ሆኪ የማያውቅ ሰው ጠዋት ሻይ ሰዓት ላይ ዲዳ ነው» አለኝ። ለወሬ ብሎ ማየት ጀመረ፣ ከዚያ ያዘው። ብቻውን መታመም ስላልፈለገ እኔንም ጨመረኝ። ማሊያ ላከልኝ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ የነዳጅ ዘይት ጠብታ ያለበት። ለብሼው ሱቅ ስወጣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ «ዘይት መጣ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀን ቀን አለብሰውም። ወፍራምም ነው፣ ለድሬ የተሰፋ አይደለም።

ጨዋታው ለማያውቅ እንዲህ ነው። ስድስት ለስድስት ነው፣ አንዱ በረኛ። 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። የሚመቱት ኳስ ሳይሆን ፓክ የምትባል የጎማ ዝርግ ነገር ነው። የኪዊ ጣሳ አስቡ፣ በመጠን ለዚያ ትቀርባለች፤ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓኳን ከጨዋታ በፊት በረዶ ቤት ያስቀምጧታል። ሞቅ ካለች ትነጥራለች፣ ከቀዘቀዘች መሬት ይዛ ትሄዳለች። ይህን ስሰማ «የኔ ሥራ ነው እኮ!» አልኩ። ዕድሜ ልኬን በፌስታል ውሃ አስሬ ፍሪዘር ስከት ኖሬ፣ የቀዘቀዘ ነገር የሚመቱ ሰዎች ደጋፊ ብሆን ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ጠቃሚው። ሰዓቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ አንድ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ አምልጦኛል። ወንድሜ «ሰኞ 6 ሰዓት» አለኝ፣ የሱ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 6 ማለቱ ነው። እኔ ለሰኞ አጥቢያ ተነስቼ ባዶ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ጨዋታው ለካ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። የደረስኩበት ዘዴ ይኸውና፦ በበጋቸው የፍሎሪዳን የምሽት ሰዓት ወስዳችሁ አንድ ጨምሩ፣ የኛ የሌሊት ሰዓት ይመጣል። እነሱ ማታ 8 ካሉ እኛ ሌሊት 9 ነን። የኤድመንተን ሰዓት ከሆነ የተነገራችሁ ሦስት ጨምሩ። በክረምታቸው ደግሞ አንድ አንድ ትጨምራላችሁ፣ ለፍሎሪዳ ሁለት፣ ለኤድመንተን አራት። ምክንያቱም እነሱ በመጋቢትና በኅዳር መግቢያ ግድም ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። የኛ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም፣ የኛ ሰዓት ባለበት ነው። ቀኑን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ወደፊት ግፉት።

ሌላው ኢንተርኔት ነው። ምስሉ ከእውነተኛው ጨዋታ ወደኋላ ይቀራል። ወንድሜ «አቦ!» ብሎ ቴሌግራም ሲልክ እኔ ገና ፓኳ መሃል ሜዳ ላይ ነች። ጎል ሊገባብን እንደሆነ አውቄ መጠበቅ ምን ዓይነት ስቃይ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስለዚህ ጨዋታ ሲጀምር ቴሌግራሙን ዝጉት። መብራት ከሄደ ደግሞ ምንም ምክር የለኝም። የዚያን ጊዜ በረዶዬም ቡድኔም አብረው ይቀልጣሉ።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ የደረስነው እንዲሁ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፈናል፤ 3 ለ 0፣ 4 ለ 1፣ 4 ለ 3። አራት ያሸነፈ ነው ዋንጫ የሚወስደው፣ አለቀልን ብዬ ነበር። ከዚያ ኤድመንተን ተነሳ። 8 ለ 1። ፍሎሪዳ ድረስ ሄደው 5 ለ 3። እንደገና በሜዳቸው 5 ለ 1። ሦስት ለሦስት። በስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ከ3 ለ 0 ተነስቶ ዋንጫ የወሰደ ቡድን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በፈረንጆቹ 1942 ቶሮንቶ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አመንኩ። ማመን ነው የገደለኝ። መጀመሪያ ላይ 4 ለ 0 ተሸንፈን ቢያልቅ ኖሮ አንድ ቀን ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር።

ቬርሄጊ የሚባለው ልጅ ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አገባብን። ብዙም ሳይቆይ የኛው ያንማርክ ብቻውን አምልጦ አቻ አደረገ። ጮህኩ። እናቴ ከግቢ «ምን ሆነ? ልጄ ተመታ?» አለች። እናቴ ወንድሜ ራሱ የሚጫወት ነው የሚመስላት። ስንት ጊዜ አስረዳኋት። «ታዲያ እሱ ካልተጫወተ አንቺ ምን አስለቀሰሽ?» ትላለች። መልስ የለኝም።

አዛን ሲል አንድ ለአንድ ነበርን። ጎህ ሳይቀድ የፍሎሪዳው ራይንሃርት ሁለተኛውን አገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ። ሦስተኛው 20 ደቂቃ ሙሉ የእነሱ በር ላይ ነበርን ማለት ይቻላል። በረኛቸው ቦብሮቭስኪ አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በደረቱ፣ አንዴ እንዴት እንደሆነ ሳይገባኝ ያወጣዋል። የኛ ማክዴቪድ፣ በዓለም ላይ ምርጡ ተጫዋች የሚባለው፣ ፓኳን በያዘ ቁጥር አንድ ረጅም ሰው ፊቱ ላይ አለ። ባርኮቭ። ሁልጊዜ ባርኮቭ። «ይሄ አሰልጣኝ አያይም እንዴ? ከዚህ ሰውዬ ላይ አያነሳውም?» እያልኩ ስልኩ ላይ እጮሃለሁ። ዳቦ የሚያመላልስ ባጃጅ በበሩ ሲያልፍ ጨዋታው አለቀ።

ጥፋቴ እዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሮጀርስ ፕሌስ በሚባለው የራሳቸው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሲጫወት ሰው እዚያ ተሰብስቦ በትልቅ ስክሪን ያያል። ስልኩን አነሳው። ምንም አይሰማም፣ ከኋላው የሺህ ሰው ዝምታ አለ። ዝምታ እንደዚያ ሲከብድ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን አልገባኝም። «አንተ ነህ ይሄን በሽታ ያመጣህብኝ! ይሄን ቡድን ነው ቡድን የምትለው? ከሜዳው ሲወጣ እግሩ የሚታሰር!» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ፣ እዚህ ሰው እያለቀሰ ነው» ብሎ ዘጋው። እሱም እያለቀሰ እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ። ለሁለት ሳምንት አልተደዋወልንም። በረዶ ላይ በሚሮጡ የማናውቃቸው ሰዎች ምክንያት።

ሁለተኛ፣ ሱቅ ሳልከፍት ተኛሁ። ድሬ ላይ በሰኔ በረዶ ሻጭ ሱቅ ዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቃል። ጁስ ቤቱ ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ስንታረቅ ወንድሜ አንድ ነገር አስረዳኝ። ይህቺን ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የዚያ ሌሊት ንዴቴ በግማሽ ይቀንስ ነበር። በሆኪ ጨዋታው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ቡድን ተጫዋች መቀየር ይችላል። ግን ሰዎቹን መጀመሪያ የሚያስገባው እንግዳው ቡድን ነው። ባለሜዳው ቆሞ ያያል፣ ከዚያ የራሱን ያስገባል። ካርታ ስትጫወቱ መጨረሻ የሚጥለው ሰው ያላችሁን አይቶ እንደሚጥለው ማለት ነው። ማክዴቪድ ሲገባ የፍሎሪዳ አሰልጣኝ አይቶ ባርኮቭን ይልካል። ባርኮቭ ማለት ደግሞ ያን ዓመት በመከላከል የተሻለ አጥቂ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። የኛ አሰልጣኝ ጨዋታው እየሄደ ካልቀየረ በስተቀር ሊያመልጠው አይችልም። እኔ ስልክ ላይ ስሰድበው የነበረው ሰው እጁ ታስሮ ነው የሚጫወተው። በሜዳው ሲሆን ደግሞ በተራው እሱ መጨረሻ ይጥላል።

ይሄ ብቻ ነው ያሸነፈን ለማለት አይደለም። እዚያው ፍሎሪዳ 5 ለ 3 አሸንፈን መጥተናል። ግን አንድ ነገር ሲገባችሁ ዓይናችሁ ሥራ ያገኛል። አሁን ጨዋታ ሲቆም ማን ገባ፣ ማን ተከተለው ብዬ አያለሁ። የማውቀው ነገር ሲበዛ የምሰድበው ሰው እያነሰ መጣ። ቡድናችሁ ከሜዳው ውጪ ለምን እንደሚከብደው የምር ጠይቁ። «ወኔ የላቸውም» ከሚለው የተሻለ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አለ። የኤድመንተንና የፍሎሪዳ ርቀት ራሱ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ሁለት ቀን እተኛለሁ።

በቀጣዩ ዓመት፣ 2017፣ ያው ፍጻሜ፣ ያው ፍሎሪዳ። ሰው ይመቸው። በዚህኛው ተዘጋጅቻለሁ አልኩ። ከወንድሜ ጋር ተስማማን፤ ከጨዋታ በኋላ መደዋወል የለም። የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ የድምፅ መልእክት ይልካል፣ እኔም አንድ እመልሳለሁ። ያን ሰዓት እኔ ሱቅ ከፍቻለሁ፣ እሱ ሊተኛ ነው፣ ሁለታችንም በርደናል። ይህ ሠርቷል። ለማንም እመክራለሁ።

ያልሠራውም አለ። «መጀመሪያው 20 ደቂቃ ላይ በሦስት ጎል ከተመራን አጥፍቼ እተኛለሁ» የሚል ሕግ አወጣሁ። አራተኛው ጨዋታ፣ ሰኔ 6፣ ፍሎሪዳ ላይ 3 ለ 0 ተመራን። ሕጉን አክብሬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 5 ለ 4 አሸንፈናል፣ በጭማሪ ሰዓት፣ የኛው ድራይሳይትል አግብቶ። ከዚያ ወዲህ ያን ሕግ ለማንም አልመክርም።

ውርርድንም ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ እዚያ ቤት ናችሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ፣ ግንቦት 28፣ የሰፈር ልጅ ልኬ ኤድመንተን ያሸንፋል ብዬ 500 ብር አስቆረጥኩ። ኤድመንተን 4 ለ 3 አሸነፈ። ልጁን ላኩት፣ ባዶ እጁን መጣ። ለካ የቆረጥኩት ትኬት የ60 ደቂቃውን ውጤት ብቻ ነው የሚቆጥረው። 60 ደቂቃው 3 ለ 3 ነው ያለቀው። ድራይሳይትል ያገባው በጭማሪው ነው። ቡድኔ አሸንፎ እኔ ተበላሁ! ተንኮል አይደለም፣ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የምትወዱት ቡድን ላይ ብር አታስይዙ። ሽንፈቱ ሁለት ይሆናል፣ ድሉም እንደኔ ይበላሻል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ያላሰብኩት ነገር ነው። ብቻዬን ማየት አቆምኩ። ጎረቤታችን የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፣ እንቅልፍ የሌለው ሽማግሌ። አንድ ሌሊት የኔን ጩኸት ሰምቶ «አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» ብሎ መጣ። ያን ሌሊት ያገኘሁት ስርጭት ደግሞ በፈረንሳይኛ ነበር፣ አንድ ቃል አልገባኝም። ሰውዬው ቁጭ አለና ጆሮውን አቀና። ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ላይ የለቀመው ፈረንሳይኛ ነው፣ ከጡረታ በኋላ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። እየተረጎመ ያጫውተኝ ጀመር። ፓኳን «ሮንዴል» ይላታል። «አንቺ፣ ሮንዴሏ የት ገባች?» ይላል፣ መነጽሩን ወደ ስልኩ አስጠግቶ። እኔም «አንተ፣ ዝም ብለህ እይ» እለዋለሁ። ለሽማግሌ አንተ ማለቴ የሚገርመው ካለ ድሬ መጥቶ ይይ፣ አንቱ እዚህ ለእንግዳ ነው።

ስድስተኛው ጨዋታ፣ ሰኔ 11፣ እንደገና ፍሎሪዳ። ከተሸነፍን አበቃ። እኔ ሻይ በቅርንፉድ አፈላሁ፣ እሱ ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ያው ራይንሃርት አገባ። ሌላ ተጨመረ። ራይንሃርት ደገመ። 3 ለ 0። ሕጌን አስታወስኩ፣ ግን እንግዳ እያለ አይተኛም።

መጨረሻው ላይ አሰልጣኛችን በረኛውን አስወጣና በቦታው አጥቂ አስገባ። ሆኪ ላይ የተቸገረ እንዲህ ያደርጋል፣ በሩን ባዶ ትቶ በስድስት ሰው ያጠቃል። ሽማግሌው ተነሳ።

«ጋርዲያኑ የት ሄደ?»

«አወጡት።»

«ታመመ?»

«አይ፣ አጥቂ ለመጨመር ነው።»

«አቦ! ዘበኛ አባረው ደጁን ከፍተው ሌባ ይጠብቃሉ?»

ሌባው መጣ። ራይንሃርት በባዶው በር ሁለት አገባ፣ ለብቻው አራት ሆነለት። እኛ አንድ አገባን። 5 ለ 1።

የገረመኝ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ነው። አመመኝ። እንዳምናው ግን አይደለም። ከጎኔ አንድ ሰው እየሳቀና እየተቆጣ ነበር፣ ለሱ ማስረዳት ነበረብኝ። ማስረዳት ላይ ሆኖ መጮህ ይከብዳል።

ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። «ቆይ» አለኝ። ሁለቱ ቡድኖች ተሰለፉ። እዚያ ልማድ ነው፣ ፍልሚያው ሲያበቃ በመስመር ቆመው አንድ በአንድ ይጨባበጣሉ። ጥርሱ የወለቀ አለ፣ ፊቱ የተሰፋ አለ፣ ሁሉም ይጨባበጣል። ባለፈው ዓመት ይህን አላየሁትም፣ ስልክ ደውዬ እየተሳደብኩ ነበር። ያኔ ማክዴቪድ ከተሸናፊው ቡድን ሆኖ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎ ሲጠራ ሽልማቱን ለመቀበል እንኳ አልወጣም። ከመልበሻ ክፍል መውጣት አልቻለም። ወንድሜ ሲነግረኝ «ኩራት ነው» ብዬ ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም።

ሽማግሌው ሰልፉን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ የቀረውን ሙሸበክ ለእናቴ ብሎ አስቀመጠልኝና ዱላውን ይዞ ወጣ። እናቴ ከግቢ ተነስታ ፊቷን እየታጠበች ነበር።

«ልጄ አሸነፈ?» አለች።

«ተሸነፈ።»

«ተመታ?»

«አልተመታም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ሙሸበኩን ፈታችው። እኔ ፍሪዘሩን ከፍቼ የተያዘውን በረዶ መቁጠር ጀመርኩ፣ ጁስ ቤቱ 1 ሰዓት ላይ ይመጣል።